ምስክር፣ ዲግሪና ፈቃድ፦ የሁለተኛ ደረጃ የአማርኛ መምህር አወጣጥ

ስለ ኢትዮጵያ መምህራን ሥልጠና የተጻፉ ጽሑፎች ታሪኩን አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት በ1936 ዓ.ም. ገደማ በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ግቢ ከተከፈተውና በኋላ ወደ ሐረር ከተዛወረው ማሠልጠኛ ነው። ለሒሳብ ወይም ለእንግሊዝኛ መምህር ይህ አነሳስ ብዙም አያስነቅፍም። የአማርኛ መምህርን ታሪክ ግን ከወገቡ ይቆርጠዋል። በዘመናዊ ትምህርት ቤቶች አማርኛ ያስተማሩት ቀደምት መምህራን ባመዛኙ ከቅኔ ቤት የመጡ ናቸውና። በዚህ ጽሑፍ ሊታይ የተሞከረውም አንድ ጥያቄ ነው፤ አንድ ሰው ለማስተማር በቅቷል የሚባለው ማን፣ ምን ሲያደርግ አይቶት ነው?

የቤተ ክህነቱ ትምህርት ለዚህ ቁርጥ ያለ መልስ ነበረው። ድጓ የተማረ ሰው የትም ይማር የት፣ መምህርነቱ የሚጸናለት ጋይንት ቤተ ልሔም ሄዶ ሲያስመሰክር ነው። ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አምባ፣ ለአቋቋም ጎንደር በአታ የታወቁ የምስክር ቦታዎች ናቸው። ይሁን እንጂ ምስክሩን ብቻ ማየት ያሳስታል። ዋናው ሥራ የሚሠራው ከዚያ በፊት ነው። ገፋ ያለው ተማሪ ታናናሾቹን ያስቀጽላል፤ መምህሩ እዚያው አጠገቡ ሆኖ ይሰማል፤ ሲስት ያርመዋል። ተማሪው ለምስክር ሲቀርብ እንግዲህ ለዓመታት ሲያስተምር ተሰምቷል ማለት ነው። ይህን የምለው ሥርዓቱን ለማወደስ አይደለም። የአርጩሜው ነገር፣ "ለምን?" ብሎ መጠየቅም እንደ ድፍረት መቆጠሩ፣ በዚያ ያለፉ ሁሉ የሚያውቁት ነው። የመስማቱ ልማድ ግን ለብቻው ሊጤን ይገባዋል።

የሁለተኛ ደረጃ መምህር በዲግሪ ማውጣት የተጀመረው ዘግይቶ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲም ከትምህርት ፋኩልቲው ጋር በ1954 ዓ.ም. ቢቋቋሙም፣ ትምህርት ቤቶቹ ከተመራቂዎቹ ቀድመው ተስፋፉ። ክፍተቱን ሕንዳውያን መምህራንና ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ የአሜሪካ ሰላም ጓዶች ሸፈኑ፤ የመጀመሪያዎቹ ጓዶች ብቻ ወደ ሦስት መቶ ይጠጉ ነበር። የሳይንሱም የእንግሊዝኛውም ክፍል በዚህ መንገድ መምህር አገኘ። ከውጭ ሊመጣ የማይችለው የአማርኛ መምህር ብቻ ነበር። እንደኔ ግምት "አማርኛ ማንን ያቅተዋል?" የሚለው፣ ዛሬም በየመምህራን ማረፊያው የሚሰማው አነጋገር፣ ሥሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሰው ሲጠፋ የተገኘው ሰው ይመደባልና።

በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪው ዲግሪውን ከመያዙ በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወጥቶ እንዲሠራ ያስገድድ ነበር። አብዛኞቹ የተሰማሩት በማስተማር ነው። ከዚያ ወዲህ ይህን ያህል የረዘመ ልምምድ ታይቷል ለማለት ያስቸግራል። ይሁንና ከኋላ ወንበር ተቀምጦ የሚሰማው ሊቅ ካለበት ግቢ፣ ዘማቹ ወጣት ያለበት አውራጃ ሩቅ ነበር።

የአብዮቱን ዘመን እዚህ አልዘልቅበትም። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ለሁለተኛ ደረጃ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ ለአንደኛ ደረጃ ሁለተኛ እርከን ዲፕሎማ ይጠይቅ ነበር። ከዚህ ይልቅ ለአማርኛ ከባድ የሆነው ሌላው ለውጥ ነው። አማርኛ በአንዱ ክልል የአፍ መፍቻ፣ በሌላው ሁለተኛ ቋንቋ ሆኖ መሰጠት ጀመረ፤ መማሪያ መጻሕፍቱም ተለያዩ። እኛ የምናስመርቀው መምህር ግን ለሁለቱም ያው አንዱ ነበር።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የማስተማር ልምምድ የወጣው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። አማካሪዬ የመጡት አንድ ቀን ብቻ ነበር። የዚያን ቀን ርእሴ ግጥም ስለ ነበር፣ "ግጥም ማለት" ብዬ ጀምሬ ሰሌዳውን በብያኔ ሞላሁት፤ ተማሪዎቹ ገለበጡ፤ ደወል ተደወለ። አማካሪዬ የሰሌዳ አጠቃቀሜን አመስግነው ጥሩ ነጥብ ሰጡኝ። በዚያ ክፍለ ጊዜ አንድም ግጥም አልተነበበም። ይህ የታወቀኝ ከዓመታት በኋላ ነው።

በ1996 ዓ.ም. የመጣው፣ "ቴሶ" በመባል የታወቀው ለውጥ ልምምድን የሥልጠናው ምሰሶ አድርጎ ነበር፤ የዲግሪውን ዓመታት ግን ወደ ሦስት አወረደ። በ2003 እና በ2004 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ፤ ተማሪው አስቀድሞ ትምህርቱን በዲግሪ ይጨርስና የማስተማር ሙያውን በድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ ይማር ተባለ። በዚያው በ2000ዎቹ የሙያ ፈቃድ አሰጣጥና እድሳት ተከተለ። መምህሩ በጽሑፍ ፈተናና ማኅደረ ተግባር በተባለው የሥራ ማስረጃው ይመዘናል። ፈተናው ግጥም ምን እንደ ሆነ ያውቅ እንደሆነ ሊለይ ይችላል፤ ማኅደሩም ዕቅዱን ያሳያል። አሥራ አምስት ዓመት የሆናቸው ስድሳ ልጆች ፊት ቆሞ ሲያነብ ድምፁ ምን እንደሚመስል፣ አንዲት ልጅ "ይህ ስንኝ ምን ማለት ነው?" ስትለው ምን እንደሚመልስ ግን ከወረቀት አይገኝም።

አሁን ከኋላ ወንበር የምቀመጠው እኔ ነኝ። ባለፈው የልምምድ ወቅት አንድ ጎበዝ ተማሪዬ ሰሌዳውን ለሁለት ከፍሎ፣ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ፣ "ግጥም ማለት" ብሎ ጀመረ። በእጄ ያለው ቅጽ የሰሌዳ አጠቃቀም የሚል ረድፍ አለው፤ ግጥም ተነቧል ወይ የሚል ረድፍ የለውም። ከቅጹ ጀርባ በእስክሪብቶ ጻፍኩት፤ ለሚቀጥለው ሳምንትም ተመልሼ እንደምመጣ ነገርኩት።