የቀድሞው መሣሪያ ለኋለኛው ያወረሰው
(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)

የታሪክ ነገር በተነሣ ቁጥር ቶሎ የሚታሰበን የነገሥታትና የጦር ሜዳ ወሬ ነው። ሆኖም ሰው በእጁ የሠራው ዕቃ ሁሉ፥ ማረሻም ቢሆን ወፍጮም ቢሆን፥ የራሱ ትውልድና የዘር ሐረግ አለው። ዛሬ የማወጋችሁ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ስለሚሽቀዳደሙለት ስለ ቪዲዮ ጨዋታ መሣሪያ ነው። የልጆች ነገር ነው ብላችሁ አትለፉት፤ ለትልልቆችም የሚሆን ቁም ነገር ይገኝበታልና።

እኔ ያደግሁት ዛሬ ጭሮ በምትባለው በአሰበ ተፈሪ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ገደማ ወደ ሐረር በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር አንዲት ጠባብ ጌም ቤት ነበረች። ባለቤቷ ሁለት ቴሌቪዥንና ሁለት ያረጁ ፕሌይ ስቴሽኖች ነበሩት። የጨዋታ ሲዲዎቹን ግን በብዙ ጊዜ ቁጠባ አንድ በአንድ ያከማቸ በመሆኑ፥ ሀብቱ እነርሱ ነበሩ። ከዕለታት አንድ ቀን ጫት ነጋዴ ከሆነ ወንድሙ ገንዘብ ተበድሮ፥ ፕሌይ ስቴሽን ቱ የሚባለውን አዲሱን መሣሪያ ከድሬዳዋ ገዝቶ መጣ። እኛ ልጆቹ ፈነደቅን፤ እርሱ ግን ፊቱ ጠቁሮ ነበር። አዲሱ መሣሪያ አሮጌዎቹን ሲዲዎች አልቀበልም ያለ እንደ ሆነ ያ ሁሉ ድካም ከንቱ ሊሆንበት ነው። አንዱን ሲዲ በእጅጌው ወልውሎ አስገባና ዝም ብሎ ቆመ። እኛም ዝም አልን። ምስሉ በቴሌቪዥኑ ላይ ብቅ ባለ ጊዜ «አልሐምዱሊላህ» ብሎ በርጩማው ላይ ተቀመጠ።

ይህ እንዴት ሊሆን እንደ ቻለ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ነገሩን ለመረዳት ወደ ጃፓን አገር መሻገርና ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ዓመተ ምሕረቱንም ሁሉ በእኛው አቈጣጠር እነግራችኋለሁ።

ኒንቴንዶ የተባለው ኩባንያ በኪዮቶ ከተማ የተቋቋመው በ1882 ዓ.ም.፥ ማለት ዐፄ ምኒልክ ዘውድ በጫኑበት ዓመት ሲሆን፥ ሥራው የመጫወቻ ካርታ መሥራት ነበር። ይኸው ኩባንያ በሐምሌ 1975 ዓ.ም. ፋሚኮም የሚባለውን የቪዲዮ ጨዋታ መሣሪያ አወጣ። ጨዋታው በካሴት ይገባል፤ ተጫዋቹ የሚይዘው ጆይስቲክም በግራ በኩል የመስቀል ቅርጽ ያለው መቈጣጠሪያ፥ በቀኝ በኩል ደግሞ ሁለት ቁልፎች ነበሩት። መስቀሉን ጉንፔይ ዮኮይ የተባለው የኩባንያው ሠራተኛ ቀደም ብሎ ለኪስ ጨዋታ ያወጣው ብልሃት ነው።

በኅዳር 1983 ዓ.ም. ሱፐር ፋሚኮም ተተካ። መስቀሉ በቦታው ቀረ፤ በቀኝ በኩል የነበሩት ሁለት ቁልፎች አራት ሆኑ፤ በጆይስቲኩ ትከሻ ላይም ሁለት ሌሎች ተጨመሩ። ይሁን እንጂ ልጁ የአባቱን እጅ ቢወርስም የአባቱን ቋንቋ አልወረሰም፤ የፋሚኮም ካሴቶች በአዲሱ መሣሪያ ላይ አይሠሩም ነበርና። የቀድሞውን ጨዋታ የሚፈልግ ሰው የቀድሞውን መሣሪያ ጭምር ማኖር ግድ ሆነበት። ሱፐር ፋሚኮም በዚህ ምክንያት ገበያ አላጣም፤ 49 ሚሊዮን ያህል ተሽጧል።

በዚያን ዘመን ሶኒ በተባለው ሌላ የጃፓን ኩባንያ ውስጥ ኬን ኩታራጊ የሚባል መሐንዲስ ነበር። ሴት ልጁ በፋሚኮም ስትጫወት ተመልክቶ የዚህን ሥራ የወደፊት ዕድል አስተዋለ፤ ለሱፐር ፋሚኮምም ድምፅ የሚያወጣውን ክፍል ነደፈ። አለቆቹ ይህን በሰሙ ጊዜ ተቈጡ፤ የኩባንያው ፕሬዚዳንት ኖሪዮ ኦጋ ግን ደገፉት። ከዚያም ሁለቱ ኩባንያዎች፥ ሶኒ ለሱፐር ፋሚኮም ሲዲ የሚያነብ ክፍል እንዲሠራ፥ ካሴትንም ሲዲንም የሚቀበል መሣሪያ በራሱ ስም እንዲያወጣ ተዋዋሉ። የዚህም መሣሪያ ስም ፕሌይ ስቴሽን ተባለ።

በግንቦት 1983 ዓ.ም. መጨረሻ፥ በአገራችን መንግሥት በተለወጠበት በዚያው ሰሞን፥ ሶኒ ዕቅዱን በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ በተደረገ ኤግዚቢሽን ላይ አስታወቀ። በማግሥቱ ኒንቴንዶ ፊሊፕስ ከተባለው የሆላንድ ኩባንያ ጋር መስማማቱን በአደባባይ ገለጸ። በቀድሞው ውል መሠረት በሲዲ በሚወጡት ጨዋታዎች ላይ ሥልጣኑ የሶኒ መሆኑ አሳስቦት ነበር። ሶኒ በሰው ፊት አፈረ። ካሴትና ሲዲ በአንድነት የሚያስተናግደው መሣሪያም ለሙከራ ከተሠሩት ጥቂቶች በቀር ለገበያ ሳይወጣ ቀረ።

ኩታራጊ ግን ተስፋ አልቈረጠም። በኅዳር 1987 ዓ.ም. ፕሌይ ስቴሽን ካሴቱን ትቶ በሲዲ ብቻ የሚሠራ ሆኖ ወጣ። ሲዲ ከካሴት ይልቅ ብዙ ነገር ይይዛል፤ ለማባዛትም ርካሽ ነው። ከቤት ቴሌቪዥን ጋር ከሚያያዙት የጨዋታ መሣሪያዎች ሁሉ ሽያጩ ከ100 ሚሊዮን በላይ የደረሰ የመጀመሪያው እርሱ ነው። እስቲ ጆይስቲኩን ልብ በሉ። በግራ በኩል የአቅጣጫ ቁልፎች፥ በቀኝ በኩል አራት ቁልፎች፥ በትከሻው ላይም ሌሎች አሉ፤ የትከሻዎቹ ከሁለት ወደ አራት ከመጨመራቸው በስተቀር አቀማመጡ የሱፐር ፋሚኮም ነው። ውሉ ቢፈርስም ትምህርቱ አልፈረሰም።

በየካቲት 1992 ዓ.ም. ፕሌይ ስቴሽን ቱ በወጣ ጊዜ ሠሪዎቹ ሌላ መንገድ መረጡ። የቀድሞውን መሣሪያ ዋና ማስሊያ ከአዲሱ ሆድ ውስጥ አኖሩት። አዲስ ጨዋታ ሲገባ ይህ አሮጌ አካል የጆይስቲኩንና የሚሞሪ ካርዱን መልእክት እያመላለሰ ያገለግላል፤ አሮጌ ጨዋታ ሲገባ ደግሞ ወደ ቀድሞ ማዕረጉ ተመልሶ ዋና ይሆናል። ሽማግሌውን ከቤት አላስወጡትም፤ ሥራ ሰጡት እንጂ። በአሰበ ተፈሪ የዚያን ሰው ሀብት ያተረፈለት ይህ ነበር። በኋላ በወጡት ሞዴሎች ይህ አካል በሌላ ቢተካም፥ አሮጌዎቹን ሲዲዎች የመቀበሉ ነገር አልተተወም። መሣሪያው መሠራቱ በ2005 ዓ.ም. እስኪቆም ድረስ ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል።

ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ እንዲሉ፥ በምዕራብ ሐረርጌ የሚገኘው የሚኤሶ ከተማ ደግሞ የዚሁ ጉዳይ ሌላ ምሳሌ ነው። የቀድሞው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፥ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ፤ ስፋቱ አንድ ሜትር ነበር። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው በኤሌክትሪክ የሚሠራው ሐዲድ ስፋቱ 1.435 ሜትር ነው። ስፋቱ ብዙው ዓለም የሚሠራበት በመሆኑ ምርጫው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ነገር ግን አሮጌው ባቡር በአዲሱ ሐዲድ ላይ አንድ ክንድ እንኳ መሄድ አይችልም። ሆኖም አዲሱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በድሬዳዋና በሚኤሶ በኩል ወደ መሐል አገር የሚወጣው አሮጌው በቀየሰው አቅጣጫ ነው። መንገዱን ወረሰ፤ መንኰራኵሩን አልወረሰም። ፕሌይ ስቴሽንም ከሱፐር ፋሚኮም የእጅ አያያዙን ወስዶ ካሴቱን መተዉ ይህንኑ ይመስላል።

እንግዲህ የተከበራችሁ አንባቢዎች፤ አዲስ ነገር ሁሉ ከአሮጌው አንዳች ነገር መውረሱ የማይቀር ነው። የሚለየው አሮጌውን ይዘው ለኖሩት ሰዎች በር መተው ወይም አለመተው ነው። በር መተው ወጪ አለው፤ ሁልጊዜም የሚቻል አይደለም። ነገር ግን በየመሥሪያ ቤታችን አሮጌው መዝገብ በአዲስ ኮምፒዩተር፥ አሮጌው ቅጽ በአዲስ ቅጽ በሚለወጥበት ቀን፥ የሃያ ዓመት ሰነዱን ይዞ በመስኮቱ ፊት የሚቆም ባለ ጉዳይ አለ። ያ ሰው ሲዲውን በእጅጌው ወልውሎ እንደሚጠብቀው እንደዚያ ጌም ቤት ባለቤት ነው። አዲሱን ስንገዛ አስቀድመን «አሮጌው ይገባበታል ወይ?» ብለን መጠየቅ ለእርሱ የሚገባው አክብሮት ነው።