ሣጥን የሆነው ስም

ከሞጆ ተነሥቶ በመቂ በኩል ወደ ዝዋይ የሚወርደውን አውራ ጎዳና የሚያውቁ አንባብያን የምነግራቸውን ሳያዩ አልቀሩም። ፍላሽ የተሰካባት የመኪና ቴፕ የዓሊ ቢራን ዘፈን ርዕስ በትንሽ መስኮቷ ላይ ወለል አድርጋ ታሳያለች። ተራው የጥላሁን ገሠሠ ሲደርስ ግን ስሙ በፊደሉ ቁጥር ልክ ባዶ ሣጥን ይሆናል። አንዳንዷም በሣጥን ፈንታ የጥያቄ ምልክት ትደረድራለች።

የነገሩ ታሪክ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ኤሪክ ኬምፕ የተባለ ሰው በኤምፒስሪ ፋይል ጅራት ላይ 128 ባይት የምትመዝን መለያ ቀጠለ፤ ለርዕስ 30፣ ለዘፋኝ 30፣ ለአልበም 30፣ ለዓመት 4 ባይት መድቦ። ለእንግሊዝኛ 30 ባይት ማለት 30 ፊደል ነው። የእኛ ፊደል በዩኒኮድ ሰነድ የተመዘገበው ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ዩቲኤፍ 8 በሚባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። እንግዲህ «ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ» ብለን ብንጽፍ 35 ባይት ይሆንና መለያው «ነጋድራስ ተሰማ እ» ላይ ይቆረጣል።

ይህን ስም ያለ ምክንያት አላነሣሁም። ነጋድራስ ተሰማ በ1900 ዓ.ም. ግድም በዐፄ ምኒልክ ትእዛዝ ወደ ጀርመን የተላኩት የአውቶሞቢል ሥራ እንዲማሩ ነበር። እዚያው ሳሉ ድምፃቸው በሸክላ ተቀረጸ። ከቀደምቶቹ የሸክላ ዘፋኞቻችን አንዱ መኪና ሊማር የሄደ ሰው መሆኑ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። ዛሬ የመኪና መስኮት ስማቸውን ማንበብ አቃተው!

የቦታው ጥበት ፈጥኖ ተቃልሏል። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ሁለተኛው መለያ እንደ ልብ ሰፊ ነው፤ በ1999 የታረመው እትሙም ዩኒኮድን ይሸከማል። ታዲያ ሣጥኑ ከየት መጣ? ቴፑን የሠራው ፋብሪካ በውስጡ የሚያኖረው የሚሸጥበትን ገበያ ፊደል ነው፤ የእኛን አላኖረም። ፋይሉ ስሙን በትክክል ይዟል፣ መሣሪያው ግን የሚሥልበት ቅርጽ የለውም። ስለዚህ መለያውን ደጋግሞ ማረም ዋጋ የለውም፤ ብዙ ሰው በዚህ ደክሟል። በቅርብ ዓመታት የመጡት የአንድሮይድ ሰሌዳዎች ብዙዎቹ ፊደሉን ስለያዙ ያነባሉ።

በ2015 ዓ.ም. በአዳማ ያረፈው የዓሊ ቢራ ዘፈን ግን በአሮጌውም ቴፕ ይነበባል። አፋን ኦሮሞ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ በይፋ የሚጻፍበት ቁቤ ከላቲን የተወሰደ ነውና። ያኔ የተከራከሩት ምሁራን የመኪና ቴፕ በሐሳባቸው እንዳልነበረ የታወቀ ነው።

አማርኛ አድማጩ ያገኘው መላ ስሙን በላቲን መጻፍ ነው። ላቲኑ ደግሞ «ጠ»ን ከ«ተ» አይለይም፤ ጸሐፊውም እንደ መሰለው ይጽፋል። አንዱ ጥላሁንን በአይ፣ ሌላው በኢ ይጽፈዋል፤ መሣሪያውም ሁለት ዘፋኝ አድርጎ ለየብቻ ያስቀምጣቸዋል። ዓመቱም እንዲሁ ነው። አንዱ የእኛን አቆጣጠር፣ ሌላው የፈረንጁን ስለሚከተል አንድ ዘፈን ከራሱ ሰባት ስምንት ዓመት ይቀድማል። በዘፋኙ ቦታ የሚያባዛውን ሱቅ ስልክ ቁጥር ያየሁበትም ጊዜ አለ።

እኔን ይበልጥ የሚቆረቁረኝ ሌላ ነው። ሁለተኛው መለያ ለግጥም ደራሲውና ለዜማ ደራሲው የየራሳቸው ሥፍራ አለው። የካሴት ልባስ ብዙ ጊዜ እነዚህን ስሞች በደቃቅ ፊደል ይጽፍ ነበር፤ ወደ ፋይል ሲገለበጥ ድምፁ ብቻ ተሻገረ። በአማርኛ ዘፈን ደግሞ ሰሙንም ወርቁንም የሠራው አብዛኛውን ጊዜ ያው ያልተጠራው ሰው ነው። ሰሞኑን ቤቴ ያሉትን ፋይሎች አንድ በአንድ ከፍቼ ሁለቱን ሥፍራዎች አየሁ፤ የተሞላ አላገኘሁም። የተረፉኝን ልባሶች አውጥቼ መሙላት ጀምሬአለሁ። የአንዳንዱ ቀለም ግን ለቅቋል፤ ገጣሚው ከተጻፈበት ጥግ ላይ «ግጥም፦» የሚለው ብቻ ይታያል።