ጓሳን የጠበቀው የመንዝ ሥርዓት

የመንዝ ጓሳ የሚባለው የሰሜን ሸዋ የሣር ምድር እስከ ዛሬ የቆየው ደጋው ብርዳም ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ከቀደምት አባቶች ከአስቦና ከጌራ የሚወለዱ ባለርስቶች ቄሮ በተባለ የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ለዘመናት ስለጠበቁት ነው። ሣሩ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ተከልክሎ ይቆይና፣ ለቤት ክዳንና ለገመድ ሲደርስ በአለቆች ፈቃድ ይታጨድ ነበር። ይህ ለሣሩ እንጂ ለአውሬው ታስቦ አልነበረም የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ግን ሣሩን የከለከለ ሁሉንም ጠብቋል። ከሣሩ ሥር አይጥ ይራባል፤ ጭላዳው ይግጣል፤ ቀይ ቀበሮው አይጡን ያድናል። ይበልጥ የሚያስደንቀው የጭላዳውና የቀበሮው ጉርብትና ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ቀበሮው በጭላዳ መንጋ መካከል ሆኖ ካደነው 67 በመቶው፣ ብቻውን ሲሆን ግን 25 በመቶው ብቻ እንደሚሳካለት አሳይቷል። ጭላዳዎቹ አይሸሹትም፤ እሱም ግልገሎቻቸውን እምብዛም አይነካም። እንዲህ ያለ መላመድ የሚጸናው ሣሩም መንጋውም ሳይበተኑ በኖሩበት ስፍራ ይመስለኛል።

ሥርዓቱ አድሏዊ ነበር፣ ርስት የሌለው አይካፈልም ነበር የሚለው ወቀሳ ግን ከባድ ነው። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ይህን መሻሩ ተገቢ ነበር። ጉዳቱ ከአድልዎው ጋር የክልከላው ዘመንም አብሮ መሻሩ ነው፤ ሣሩ በየጊዜው ይታጨድና ይጋጥ ጀመር። ኋላ ነዋሪዎቹ ራሳቸው ኮሚቴ አቋቁመው፣ ርስትን ሳይሆን ነዋሪነትን መሠረት አድርገው ክልከላውን መለሱት።