ከባሌስትራ እስከ ክሮቸራ፦ የመኪና ሆድ ቃላት

በቦንጋና በዙሪያዋ ዝናቡ ለጋስ ነው። ወደ ካፋ ገጠር ቀበሌዎች የሚገባ ላንድክሩዘር ሆዱ ከጭቃው እንዲርቅ ባሌስትራ ይጨመርለታል። መኪናው ከፍ ይላል፤ ከወለሉ በታች ግን ንዝረት ሊጀምር ይችላል። የንዝረቱን ምክንያት ለመረዳት የክፍሎቹን ስም መከተል ይበጃል።

ባሌስትራ በጣሊያንኛ በእንጨት ላይ አግድም የተገጠመ ቀስት ነው። ከላቲኑ «ባሊስታ» የመጣ ሲሆን፣ ያም ከግሪኩ «ባሎ»፣ ወረወረ፣ ይወጣል። የተደራረበው የብረት ሳንቃ ጎበጥ ስለሚል ስሙን ከቀስቱ ወሰደ። የእኛው «ቀስት» ግእዝ ነው፤ የዕብራይስጡ «ቄሼት» ወንድም።

በባሌስትራው ጫፍ ቀዳዳ ውስጥ ቡኮላ የሚባል ቀለበት አለ። ጣሊያንኛው «ቦኮላ» ከላቲን «ቡካ»፣ ጉንጭ፣ ይወለዳል፤ ይኸው ቃል በጣሊያንኛ «ቦካ»፣ አፍ፣ ሆነ።  

ጎማውን የሚያዞረው ኃይል ደግሞ ከሞተር ወደ ማርሽ መለወጫው፣ ወደ ካምቢዮ፣ ይሄዳል። «ካምቢያሬ» መለወጥ ነው። የሚለወጠው ማርሽ ከ«ማርቻ»፣ እርምጃ፣ መጣ፤ የማርሽ ባንድ ስምም የዚያው ቤተሰብ ነው። ስለዚህ ከባድ ማርሽ በሥርወ ቃሉ ከባድ እርምጃ ነው።

ከካምቢዮ ቀጥሎ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍለው ትራንስፈር ይመጣል፦ «ትራንስ»፣ ማዶ፤ «ፌሬ»፣ ተሸከመ። ከእሱ የሚወጣው ረጅም ዘንግ ትራስሚሽን ይባላል፦ «ትራንስ» እና «ሚቴሬ»፣ ላከ። አንዱ ይሸከማል፣ ሌላው ይልካል። አማርኛ ለሁለቱም «አስተላለፈ» ይበቃዋል፦ ከግእዙ «ኀለፈ»፣ አለፈ፣ ተላለፈ፣ አስተላለፈ። «ዘንግ» ራሱ ግእዝ ነው፤ በትር ነበረ፣ አሁን የሚሽከረከር ብረት ሆኗል።

በዘንጉ ሁለት ጫፍ ክሮቸራ አለ። «ክሮቼ» መስቀል ነው፤ አራት ክንዱን ያየ ሁሉ ስሙን ይረዳል። ግእዙ «መስቀል» ግን የወጣው ከቅርጹ ሳይሆን ከድርጊቱ፣ ከ«ሰቀለ»፣ ነው። በክሮቸራ የሚሠራው መጋጠሚያ በብዙ ቋንቋ «ካርዳን» ይባላል፤ ስሙ ከጣሊያናዊው ሊቅ ከጄሮላሞ ካርዳኖ (1501–1576 እ.ኤ.አ.) ነው።

ንዝረቱ እዚህ ላይ ይፈታል። ክሮቸራ ታጥፎ ሲዞር፣ ገቢው ዘንግ እኩል ቢዞርም ወጪው በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፣ ሁለት ጊዜ ይዘገያል። የሁለቱ ጫፎች ማእዘን እኩል ከሆነና ክሮቸራዎቹን የሚይዙት የዘንጉ ሹካዎች አቅጣጫቸው ከገጠመ፣ አንዱ የሌላውን መዛባት ያጠፋል። ባሌስትራ ሲጨመር ማእዘኖቹ ይሰፋሉ፤ እኩልነቱ ከፈረሰ ዘንጉ ይነዝራል። እኩል ቢሆኑም እንኳ ክሮቸራው ቶሎ ያልቃል፤ የሚንሸራተተው መጋጠሚያም ወደ ውጭ ይሳባል። ዘንጉ ባጠረ መጠን ማእዘኑ ይብሳል። ስለዚህ ከፍታ የሚጨምር መካኒክ ዘንጉ የሚገባበትን የዲፍረንሻል አቅጣጫና የዘንጉን ርዝመት አብሮ ያስተካክል።

በጋራዥ የተወረሱት እነዚህ ስሞች የክፍሉን መልክና ሥራ ይዘው ቆይተዋል። በቴክኒክ ትምህርት ቤት ዩኒቨርሳል ጆይንት የሚል ወጣት ክሮቸራንም ይማር፤ አራት ክንድ ያለው መስቀል መሆኑን ያወቀ፣ ቅባቱ ያለቀበትን ክንድ ለይቶ ለመፈለግ አይቸገርም።