ካርኔራና የራያ ቆላ

ከቆቦ ተነሥቶ በዋጃና በአላማጣ አድርጎ ወደ ኮረም ሽቅብ የሚወጣ መንገደኛ አሸንጌ ሐይቅ ሲደርስ ማይጨውን ያስባል እንጂ ቦክስን አያስብም። እኔን ግን እዚያ መንገድ ላይ ሁሌ ትዝ የሚለኝ አንድ ጣሊያናዊ ቡጢኛ ነው፤ ፕሪሞ ካርኔራ።

ካርኔራ በጥቅምት 1899 ዓ.ም. በሰሜን ጣሊያን፣ ሴኳልስ በምትባል መንደር ተወለደ። ድህነት ወደ ፈረንሳይ ሰደደው። ቁመቱ 2 ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ስለ ነበር ሰርከስ ውስጥ ትርኢት አደረጉት፤ ወደ ቡጢ የወሰዱትም ከዚያ ነው። አሜሪካ ሲገባ ወንበዴዎች እጅ ወደቀ። ከግጥሚያዎቹ ብዙዎቹ ውጤታቸው አስቀድሞ በገንዘብ የተቆረጠ ነበር ተብሎ ይታማል። ገንዘቡን የበሉትም እነሱው ናቸው። ያም ሆነ ይህ፣ ሰኔ 22 ቀን 1925 ዓ.ም. ጃክ ሻርኪን በ6ኛው ዙር ዘርሮ የዓለም የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሆነ።

ሙሶሊኒ የሚፈልገውን አገኘ። ጥቁር ሸሚዝ አልብሶ የአዲሲቱ ሮም ጉልበት ይኸውላችሁ አለ። ሻምፒዮንነቱ ግን ዓመት አልሞላም፤ ሰኔ 7 ቀን 1926 ዓ.ም. ማክስ ቤር 11 ጊዜ ያህል እየጣለ ቀማው።

ወደ እኛ የሚያመጣው ከዓመት በኋላ የሆነው ነው። ወልወል ላይ ደም ፈሶ ጣሊያን ጦሯን ስታጓጉዝ፣ ሰኔ 18 ቀን 1927 ዓ.ም. ካርኔራ ኒውዮርክ ላይ ከ60 ሺህ በላይ ሕዝብ ፊት ከ21 ዓመቱ ጥቁር አሜሪካዊ ከጆ ሉዊስ ጋር ቆመ። ለጥቁሮቹ ሉዊስ ኢትዮጵያ፣ ካርኔራ ሙሶሊኒ ነበሩ። በ6ኛው ዙር ዳኛው ግጥሚያውን አቆመ። ሐርለም አደባባይ ወጥቶ ጨፈረ፤ በሮም ግን የካርኔራ አወዳደቅ በፎቶግራፍ እንዳይታተም ጋዜጦች ታዘዙ።

ፎቶግራፍ መደበቅ ጦርነት አያስቀርም። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ የተዋጋው ሠራዊት ሲመለስ አሸንጌ ዳር አውሮፕላን የመርዝ ጋዝ አወረደበት። እዚህ ቡጢም ጎራዴም አይሠራም። ከራያና ከአዘቦም ጣሊያን ጠመንጃና ገንዘብ ያደላቸው ሰዎች ተመላሹን ወጉ። በዘውዱ ላይ የቆየ ቂም ነበራቸውና ከሐዲ ብሎ ማለፍ ለእኔ ይከብደኛል። በካርኔራም ልፈርድ አልችልም፤ ሌሎች የነገዱበት ምስኪን ነው።

ከጦርነቱ በኋላ አሜሪካ ተመልሶ በነፃ ትግል ገንዘብ አገኘ፤ በዚህኛው ራሱ በላው። የሞተው በሴኳልስ ነው፤ ሰኔ 22 ቀን 1959 ዓ.ም.፣ ሻርኪን ካሸነፈ ልክ በ34 ዓመቱ።