ሞተር ብስክሌትና የባለቤቱ እጅ

ሞተር ብስክሌት በፋብሪካ ተሠርቶ ለሽያጭ መቅረብ በጀመረበት ዘመን ገዢው የሚረከበው ያለቀለት ዕቃ አልነበረም ማለት ይቻላል። ፋብሪካው ሞተሩን፣ ቸርኬውንና መሪውን አገጣጥሞ ያስረክበዋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ሁሉ፣ ማለትም ዘይቱን መመጠን፣ ቀበቶውን ማጥበቅ፣ የካንዴላውን ጥቀርሻ መጥረግ፣ የተበሳውን ከመነዳሪ መለጠፍ የባለቤቱ ድርሻ ነበር። ከ1914 በፊት (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በብዙዎቹ ሞተር ብስክሌቶች ዘይት ወደ ሞተሩ የሚገባው በእጅ በሚገፋ ፓምፕ ስለነበር፣ ነጂው እየነዳ ሳለ በየጥቂት ኪሎ ሜትሩ ፓምፑን መግፋት ነበረበት። ከዘነጋ ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ይጣበቃል፤ ካበዛ ደግሞ ጭሱ እንደ ደመና ይከተለዋል፣ ካንዴላውም ይጠቁራል። ሞተሩ ምን ያህል ዘይት እንደጠማው የሚነግር መሣሪያ አልነበረም፤ ነጂው የሚያውቀው በጆሮውና በአፍንጫው ነበር።

ይህ የሆነው በፋብሪካዎቹ ድክመት ብቻ አይደለም። በዚያን ጊዜ ጋራዥ የሚባለው ነገር ከትልልቅ ከተሞች ውጭ እምብዛም አይገኝም ነበር፤ በገጠር መንገድ ላይ የቆመ ነጂ ሊጠጋ የሚችለው ወደ አንጥረኛ ወይም ወደ ብስክሌት ጠጋኝ ነበር። ከሁሉ በላይ ግን የገንዘብ ጉዳይ ነበር። በእንግሊዝ፣ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል በነበሩት ዓመታት፣ ሞተር ብስክሌት ከሚገዙት መካከል ብዙዎቹ መኪና ለመግዛት አቅም ያልነበራቸው ሠራተኞች ነበሩ፤ ሳይድካር አስገጥመው ሚስትና ልጆቻቸውን የሚያጓጉዙትም በዚያው ነበር። ለመካኒክ የሚከፈለው ገንዘብ ከቤት ቀለብ ላይ የሚነሣ በመሆኑ መፍቻ መያዝ ግዴታ ሆነ። የሞተር ብስክሌት ባለቤት ማሽኑን የሚጠግነው ጥገና ስለሚያስደስተው ነው የሚለው አስተሳሰብ ከጊዜ በኋላ የመጣ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ የጠገኑት ስለቸገራቸው ነው።

ከግዴታዎቹ ሁሉ ከባዱ ቴስታታውን ከፍቶ የካርቦን ጥርቅሙን መጥረግ ነበር። የዘመኑ ነዳጅና ዘይት ጥራታቸው ዝቅተኛ ስለነበረ፣ በፒስተኑ አናትና በማቃጠያው ክፍል ግድግዳ ላይ ጥቁር ቅርፊት ይጋገር ነበር። ቅርፊቱ ሲወፍር የማቃጠያውን ክፍል ያጠብበዋል፤ እመቃውም ከታሰበለት በላይ ከፍ ይላል፤ ከዚህም በላይ ቅርፊቱ ራሱ እንደ ፍም እየጋለ ነዳጁን ከካንዴላው ብልጭታ ቀድሞ ያቀጣጥለዋል። ሞተሩ ዳገት ላይ ማንኳኳት ሲጀምር ባለቤቱ ጊዜው እንደደረሰ ይረዳል። ይህም በየ3,000 ኪሎ ሜትሩ ገደማ የሚደጋገም ሥራ ነበር። የብረት መፋቂያ አሉሚኒየሙን ስለሚቧጭረው ጥንቁቁ ባለቤት በእንጨት ወይም ለስለስ ባለ ብረት ይፍቃል፤ ቫልቮቹንም በማለስለሻ ቅባት ከመቀመጫቸው ጋር እያሸ ያገጣጥማቸዋል። ዛሬ ይህን ሥራ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይሠራ ሞተር ብስክሌቱን የሚሸጥ ባለቤት ሞልቷል፤ የነዳጅና የዘይት ኬሚስትሪ ያመጣው ትልቅ ዕረፍት ነው።

መሐንዲስን ይበልጥ የሚማርኩት ግን ጊዜ ከተወሰነላቸው ሥራዎች ይልቅ በመንገድ ላይ የተፈለሰፉት ጥቃቅን መላዎች ናቸው። ታንኩ በመርፌ ቀዳዳ ያህል ተበስቶ ቤንዚን ሲያንጠባጥብ ነጂው ደረቅ ሳሙና አውጥቶ ቀዳዳውን ያሸዋል። ነገሩ ቀልድ ቢመስልም ኬሚስትሪው ትክክል ነው፤ ሳሙና በውሃ እንጂ በቤንዚን ስለማይሟሟ ቤት እስኪደረስ ይይዛል። የዘይት ክዳኑ ጓርኒሲዮን ሲቀደድ ካርቶን በክዳኑ ፊት ላይ ይደረግና ጠርዝ ጠርዙ በመዶሻ ቀስ እየተባለ ይመታል፤ ካርቶኑን የሚቆርጠው የብረቱ ጠርዝ ራሱ ነው። ይህ መላ ለዘይት ክዳን እንጂ እሳትና ግፊት ለሚችለው ለቴስታታ እንደማይሆን ብዙዎች የተማሩት በኪሳራ ነው። የፍሪሲዮኑ ገመድ ጫፍ ላይ ያለው እንክብል ሲወልቅም ባለቤቱ የገመዱን ክሮች እንደ አበባ በትኖ በስታኞ ይበይደዋል። ክሮቹ ሳይበተኑ የተበየደ ገመድ እንደገና ይሾልካል፤ የተበተነው ግን ጭነቱን የሚሸከመው እንደ ሽብልቅ ተወትፎ በመሆኑ ይጸናል።

ከእነዚህ ሁሉ ረቂቁ የሲጋራ ወረቀቱ መላ ነው። ፑንቲና ባለው ሞተር ብልጭታው የሚፈጠረው ሁለቱ ጫፎች በሚለያዩባት ቅጽበት ነው፤ ያችን ቅጽበት በዓይን ማየት አይቻልም። ባለቤቱ ስስ የሲጋራ ወረቀት በሁለቱ ጫፎች መካከል ያስገባል፤ በአንድ እጁ ወረቀቱን በለሆሳስ እየሳበ በሌላው እጁ ሞተሩን ቀስ ብሎ ያዞራል። ወረቀቱ በተለቀቀበት ቦታ ላይ የፒስተኑን ከፍታ ይለካል፤ የብልጭታው ጊዜ ያ ነው። ውፍረቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ጥቂት መቶኛዎች የማያልፍ ወረቀት ከፋብሪካ መለኪያ የማይተናነስ ሥራ ይሠራ ነበር። (በነገራችን ላይ ካንዴላ፣ ፑንቲና፣ ፍሪሲዮን፣ ካቴና፣ ጓርኒሲዮን የተባሉት በኢትዮጵያ ጋራዦች የተለመዱ ቃላት ሁሉ ከጣልያንኛ የተወረሱ ናቸው፤ ዕቃው ሲለወጥ እንኳ ስሙ ሳይለወጥ ቆይቷል።)

እንዲህ ያለው ጥገና ከምን ደረጃ ሲያልፍ ነውር ይሆናል? አሜሪካዊው ሮበርት ፒርሲግ በ1974 ባሳተመውና ዜንን ከሞተር ብስክሌት ጥገና ጋር ባዛመደው ታዋቂ መጽሐፉ ውስጥ ለዚህ ጥያቄ የሚጠቅም አንድ ክርክር አለ። የተራኪው ጓደኛ ቢ.ኤም.ደብልዩ ሞተር ብስክሌት መሪው እየላላ ያስቸግረዋል፤ ተራኪው ከቢራ ቆርቆሮ የተቆረጠ ስስ አሉሚኒየም ከመቆንጠጫው ሥር እንዲደረግ ሐሳብ ያቀርባል፤ ጓደኛው ግን ውድ ማሽኑ በቢራ ቆርቆሮ መጠገኑን እንደ ስድብ ይቆጥረዋል። በቁሱ ረገድ ተራኪው ልክ ነው፤ ስስ አሉሚኒየም ለስላሳ ነው፣ አይዝግም፣ ክፍተቱን ሞልቶ ይይዛል። ይሁን እንጂ መሪ የሕይወት ጉዳይ ነውና ጓደኛው መጠራጠሩ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ጥፋቱ ጥርጣሬውን በቁሱ ጠባይ ሳይሆን በቁሱ ምንጭ ላይ ማድረጉ ነው። መጠየቅ የነበረበት ቆርቆሮው ከየት መጣ ሳይሆን፣ ቢደክም ምን ይሆናል የሚለው ነበር። መልሱም፣ መሪው እንደ ቀድሞው ቀስ በቀስ መላላት ይጀምራል፣ ነጂውም አስቀድሞ በእጁ ያውቀዋል የሚል ይሆን ነበር።

ከ1970ዎቹ ጀምሮ ፑንቲና ቦታውን ለኤሌክትሮኒክ መለኮሻ እየለቀቀ ሄደ፤ ካርቡራቶርም ከጊዜ በኋላ በነዳጅ መርጫ ተተካ። በ1958 ለገበያ የቀረበውና እስከ 2017 ድረስ ከ100 ሚሊዮን በላይ የተመረተው ሆንዳ ሱፐር ከብ እንኳ፣ ለባለቤቱ እጅ ከተመቹት ማሽኖች ሁሉ የታወቀው ሆኖ ሳለ፣ ከዚህ ለውጥ አላመለጠም። አዲሱ ሥርዓት ከአሮጌው እጅግ የሚታመን መሆኑን መካድ አይገባም። ልዩነቱ በአሟሟቱ ላይ ነው፤ ፑንቲና ሲያረጅ ለሳምንታት እያንገራገረ ያስጠነቅቃል፣ ኤሌክትሮኒኩ ግን ብዙ ጊዜ ይሠራል ወይም ጨርሶ አይሠራም፤ ሲጋራ ወረቀትም አያድነውም።

ባለቤት በገዛ ማሽኑ ላይ እስከ ምን ድረስ ሊሄድ እንደሚችል ለማየት ግን ከኒው ዚላንዳዊው ከበርት መንሮ የተሻለ ምስክር አይገኝም። መንሮ በ1899 ተወልዶ በአገሪቱ ደቡባዊ ጫፍ በኢንቨርካርጊል አካባቢ ያደገ የገበሬ ልጅ ሲሆን፣ የመካኒክነት ሙያውን የተማረው በራሱ ጥረት ነው። በ1920 ኢንዲያን ስካውት የተባለውን የአሜሪካ ሞተር ብስክሌት ገዛ። አየርላንዳዊው መሐንዲስ ቻርልስ ፍራንክሊን የነደፈው ይህ ማሽን ሁለት ሲሊንደሮች ነበሩት፤ ይዘቱ 600 ሲ.ሲ.፣ ከፍተኛ ፍጥነቱ በሰዓት 88 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። መንሮ በ1926 ይነካካው ጀመር፤ ከዚያ በኋላ ለ40 ዓመታት ያህል አላቆመም።

ቀን ቀን ሞተር ብስክሌት እየሸጠ ሌሊት ሌሊት ይሠራ የነበረው ይህ ሰው መለዋወጫ የሚያስመጣበት ገንዘብ አልነበረውም፤ ቢኖረውም እሱ የፈለገውን ዓይነት የሚሸጥ ፋብሪካ አልነበረም። ስለዚህ ፒስተኖቹን ራሱ አቅልጦ በአሮጌ ጣሳዎች ውስጥ ቀረጸ። ሲሊንደሮቹንና የሚዛን መንኮራኩሮቹንም ራሱ ሠራ። ፒስተኑን ከኮሎው ጋር የሚያያይዙትን ቢዬላዎች ከአሮጌ ትራክተር አክስል ላይ በእጅ ፈልፍሎ አወጣቸው። እንደ ማይክሮሜትር የሚያገለግለው አንድ አሮጌ የጎማ ራጂ ነበር። የጎን ቫልቭ የነበረውን ሞተር የራስጌ ቫልቭ እንዲኖረው አድርጎ ለወጠው፤ ይዘቱንም በመጨረሻ ወደ 950 ሲ.ሲ. አደረሰው።

ይህን ሲያነቡት ቀላል ይመስላል። ፒስተን መቅለጥ ማለት ግን አሉሚኒየም ሲቀዘቅዝ ከመቶ አንድ እጅ በላይ እንደሚያጥር አስቀድሞ ማስላት፣ ከአየሩ እርጥበት የሚገባው ሃይድሮጅን ውስጡን እንዳይቦረቡረው መጠንቀቅ ነው። ከዚያም አሉሚኒየም በሙቀት የሚለጠጠው ከብረት ሲሊንደሩ በእጥፍ ገደማ ስለሆነ፣ ክፍተቱ ቢጠብ ሞተሩ ይነክሳል፤ ቢሰፋ እመቃው ይሾልካል። ፍጥነትን በሦስት እጥፍ ከሦስተኛ ለማሳደግ፣ የአየር ግፊቱን ብቻ ብናስብ፣ የሚያስፈልገው ኃይል ከ37 እጥፍ በላይ ነው፤ ኃይል በፍጥነቱ ኪዩብ ልክ ያድጋልና። ያን የሚያህል ኃይል ከ1920 ሞተር ማውጣት ስለማይቻል መንሮ ማሽኑን በአየር ሰንጣቂ ሽፋን አለበሰው፤ ራሱም በደረቱ ተኝቶ ውስጡ ገባ። ቢዬላ ቢሰበር የሚሰበረው ከአካሉ ሥር ነው።

ተሰብሮም ያውቃል፤ ብዙ ጊዜ። መንሮ የተሰበሩትንና የቀለጡትን ክፍሎች አልጣላቸውም፤ በጎጆው ውስጥ በመደርደሪያ ላይ አኑሮ «ለፍጥነት አምላክ የቀረቡ መሥዋዕቶች» የሚል ጽሑፍ ጻፈበት። ጎብኚዎች እንደ ቀልድ ያዩት ነበር፤ ነገር ግን ያ መደርደሪያ አንድ ላቦራቶሪ ከሚይዘው የብልሽት መዝገብ የሚለየው በቅርጹ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ስባሪ የሚቀጥለው ቢዬላ የት ላይ መወፈር እንዳለበት የሚናገር ነበር።

መንሮ በ1962 በአሜሪካ በዩታ ግዛት ወደሚገኘው የቦነቪል የጨው ሜዳ ማሽኑን ወስዶ በሰዓት 288 ኪሎ ሜትር ሲነዳ በክፍሉ የዓለም ክብረ ወሰን ሆነ። በ1966 ደግሞ ከ1,000 ሲ.ሲ. በታች በሆነው ክፍል 270 ኪሎ ሜትር አስመዘገበ። በ1967፣ የ68 ዓመት ሽማግሌ ሳለ፣ በዚያው ክፍል 295.4 ኪሎ ሜትር ደረሰ፤ በማጣሪያው አንድ አቅጣጫ ጉዞ ላይም 305.9 ኪሎ ሜትር ተለክቶለታል። ይኸኛው ግን በክብረ ወሰንነት አይቆጠርም፤ ነፋስ የሚሰጠው ጥቅም እንዲጣፋ ክብረ ወሰን የሚያዘው በሁለት ተቃራኒ አቅጣጫዎች በተደረገ ጉዞ አማካይ ነው።

መንሮ በጥር 1978 ሞተ። በ2005 ሕይወቱ በሮጀር ዶናልድሰን አዘጋጅነት ፊልም ሆኖ ቀረበ፤ አንቶኒ ሆፕኪንስም እሱን ሆኖ ተጫወተ። ነገሩ በዚህ አላበቃም፤ ልጁ የ1967ን መዝገብ ሲመለከት አማካዩ በተሳሳተ ስሌት የወጣ መሆኑን አስተዋለ፤ የአሜሪካ ሞተር ብስክሌት ማኅበርም በ2014፣ መንሮ ከሞተ ከ36 ዓመታት በኋላ፣ ቁጥሩን ወደ 296.26 ኪሎ ሜትር አሻሽሎ መዘገበው። ስህተቱ ከማሽኑ አልነበረም።