ክብደት የመቀነስ ትግል ታሪክ፦ ጽናት ከየት ይመጣል?

የሰው ልጅ በታሪኩ አብዛኛውን ዘመን ያሳለፈው ረሃብን ሲታገል እንጂ ውፍረትን ሲታገል አይደለም። በምሥራቅ አፍሪካም ሆነ በአውሮፓ፣ ሞላ ያለ ሰውነት የድሎትና የክብር ምልክት ተደርጎ ሲታይ ኖሯል። ዛሬ ግን ከአዲስ አበባ እስከ ናይሮቢ የስኳር በሽታና የደም ግፊት የብዙዎችን ቤት አንኳኩተዋል፤ ክብደቱን ለመቀነስ ቆርጦ የሚነሣውም ሰው ጥቂት አይደለም። ችግሩ ያለው መጀመሩ ላይ ሳይሆን መዝለቁ ላይ ነው። በሞቀ ስሜት የተጀመረው ጥረት ወር ሁለት ወር ሳይሞላው ለምን ይቀዘቅዛል? ለዚህ ጥያቄ የሁለት ሰዎች ታሪክ ጥሩ መልስ ይሰጣል።

የመጀመሪያው ሰው እንግሊዛዊው ዊልያም ባንቲንግ ናቸው። በለንደን ከተማ የቀብር ሥነ ሥርዓት በማስፈጸም ሥራ የታወቀ፣ የነገሥታትን ቀብር ሳይቀር ያከናወነ ቤተሰብ አባል ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1862 ዕድሜያቸው ወደ 66 ሲቃረብ፣ ቁመታቸው 1 ሜትር ከ65 ሣንቲ ሜትር፣ ክብደታቸው ደግሞ 92 ኪሎ ግራም ያህል ነበር። ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ማሰሪያ ማሰር አይችሉም ነበር። ጉልበታቸውንና ቁርጭምጭሚታቸውን ለማሳረፍ ሲሉም ደረጃ የሚወርዱት ወደ ኋላ እየተራመዱ ነበር።

ባንቲንግ ግን ሰነፍ ሰው አልነበሩም። በሐኪም ምክር ማልደው እየተነሡ ጀልባ ቀዝፈዋል፤ ቀዘፋው ጡንቻቸውን ቢያጠነክርም የምግብ ፍላጎታቸውን ይበልጥ ከፈተው። በእንፋሎት ታጥበዋል፤ ፈረስ ጋልበዋል፤ በፈዋሽነቱ የታወቀውን የማዕድን ውኃ ፍለጋ ከከተማ ወደ ከተማ ተጉዘዋል። ይህ ሁሉ ድካም የሚያረካ ውጤት አላመጣላቸውም። በመጨረሻ የመስማት ችሎታቸው እየደከመ በመምጣቱ ወደ ጆሮ ሐኪሙ ወደ ዶክተር ዊልያም ሃርቪ ሄዱ። ሐኪሙ ቀደም ሲል ፓሪስ ላይ ፈረንሳዊው ሊቅ ክሎድ በርናር ስለ ጉበትና ስለ ስኳር የሰጡትን ትምህርት ተከታትለው ነበርና፣ የጆሮው ሕመም ምንጭ ውፍረቱ እንደሆነ ገምተው ዳቦ፣ ቅቤ፣ ወተት፣ ስኳር፣ ቢራና ድንች እንዲተዉ አዘዟቸው። ሥጋ፣ ዓሣ፣ አትክልትና ጥቂት የተጠበሰ ዳቦ ተፈቀደላቸው፤ ወይን ጠጅም አልተከለከሉም።

በአንድ ዓመት ከጥቂት ሳምንታት ውስጥ ባንቲንግ 21 ኪሎ ግራም ያህል ቀነሱ፤ የወገባቸውም ዙሪያ በ31 ሣንቲ ሜትር ጠበበ። ይህ ውጤት በሳምንት ሲካፈል ግማሽ ኪሎ እንኳ አይሞላም። ባንቲንግ ግን ክብደታቸውን ከነቀኑ እየመዘገቡ ይይዙ ነበርና፣ ዓይን የማያየውን ለውጥ ወረቀቱ ያሳያቸው ነበር። በ1863 ተሞክሯቸውን «ስለ ውፍረት ለሕዝብ የተጻፈ ደብዳቤ» በሚል ርእስ አሳትመው የመጀመሪያውን ኅትመት በነፃ አደሉ። ብዙ ሐኪሞች ያልተማሩትን ሙያ ደፈሩ ብለው ቢነቅፏቸውም፣ ስማቸው በእንግሊዝኛ ክብደት መቀነስ የሚል ግሥ እስከመሆን ደረሰ፤ በስዊድን ቋንቋ ደግሞ ቃሉ እስከዛሬ በሥራ ላይ ነው። ባንቲንግ ያረፉት በ1878፣ በ81 ዓመታቸው ነው።

ሁለተኛዋ ሰው የኒው ዮርክ ነዋሪዋ ወይዘሮ ጂን ናይዲች ናቸው። በ1961 ክብደታቸው 97 ኪሎ ግራም ደርሶ ሳለ፣ ገበያ ላይ ያገኙት የሚያውቁት ሰው «መቼ ነው የምትወልጂው?» ብሎ ጠየቃቸው። ወይዘሮዋ ግን ነፍሰ ጡር አልነበሩም። በሐፍረት ተነሣሥተው ወደ ከተማው ጤና ቢሮ ክሊኒክ ሄዱ። ጥሩ የአመጋገብ ትእዛዝ አገኙ፤ ክብደታቸውም መቀነስ ጀመረ። ሆኖም ሌሊት ሌሊት ተደብቀው ብስኩት መብላታቸውን ለማንም መናገር አልቻሉም። ሐፍረት አስጀመራቸው እንጂ አላዘለቃቸውም።

በዚህ ጊዜ ስድስት ጓደኞቻቸውን ቤታቸው ጠርተው ምስጢራቸውን አወጡ። እነርሱም የየራሳቸውን ድብቅ ምግብ ተናዘዙ። በየሳምንቱ እየተገናኙ መመካከር ጀመሩ፤ የተሰብሳቢውም ቁጥር በፍጥነት አደገ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ አንዷ ስትዝል ሌላዋ እያበረታታቻት ናይዲች በ1962 ወደ 64 ኪሎ ግራም ወረዱ። በ1963 ከባልደረቦቻቸው ጋር ያቋቋሙት «ዌይት ዋቸርስ» የተባለው ድርጅት በዓለም ዙሪያ ተስፋፋ። ናይዲች በ2015፣ በ91 ዓመታቸው አረፉ።

ከዚያ ወዲህ ዘመኑ ተለውጧል። በ2021 ሴማግሉታይድ የተባለው መድኃኒት ለክብደት መቀነሻነት በአሜሪካ ተፈቀደ፤ በ2025 ደግሞ ዕዳ የከበደበትና የአዲሶቹ መድኃኒቶች ፉክክር የበረታበት ያ ታዋቂ ድርጅት የኪሣራ ጥበቃ ለመጠየቅ ተገደደ። ይህ ማለት ግን የልማድ ጉዳይ አበቃለት ማለት አይደለም። በ2022 የታተመ ጥናት፣ መድኃኒቱን ያቆሙ ሰዎች በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀነሱት ክብደት ሁለት ሦስተኛውን ያህል መልሰው እንደጨመሩ አሳይቷል።

ታዲያ ክብደታቸውን ቀንሰው የዘለቁት ምን አደረጉ? ከ1994 ጀምሮ በአሜሪካ የተከፈተው ብሔራዊ የክብደት ቁጥጥር መዝገብ፣ ቢያንስ 13.6 ኪሎ ግራም ቀንሰው ከአንድ ዓመት በላይ ያልመለሱ ሰዎችን ይከታተላል። የሄዱበት መንገድ ልዩ ልዩ ቢሆንም፣ አብዛኞቹ ቁርስ ይበላሉ፤ ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ይመዘናሉ፤ በቀን በአማካይ አንድ ሰዓት ያህል ሰውነታቸውን ያንቀሳቅሳሉ። በለንደን 96 ሰዎች የተሳተፉበት ሌላ ጥናት ደግሞ፣ አንድ ቀላል ተግባር ሳያስቡት የሚያደርጉት ልማድ እስኪሆን ወደ 66 ቀናት እንደሚፈጅ አመልክቷል፤ ለአንዳንዱ 18 ቀን ሲበቃው ለሌላው እስከ 254 ቀን ሊወስድ እንደሚችል ተገምቷል። በመካከል አንድ ቀን መዝለልም የተጀመረውን አላፈረሰም።

የመጨረሻው ነጥብ ከሁሉም በላይ ሊታሰብበት ይገባል። ብዙ ሰው የሚሸነፈው በአንድ ቀን ግብዣ ሳይሆን፣ ከግብዣው ማግሥት «እንግዲህ ተበላሽቷል» በሚለው ተስፋ መቁረጥ ነውና። የባንቲንግ የምግብ ዝርዝር ዛሬም ያከራክራል፤ መዝገባቸው ግን አያከራክርም። የናይዲች ድርጅት ቢንገዳገድም፣ ሰባት ሴቶች የተሰበሰቡበት ሳሎን ያስተማረው አልተሻረም። ከምሳ በኋላ የሚደረግ የግማሽ ሰዓት እርምጃ፣ ከቡና ላይ የሚቀነስ አንድ ማንኪያ ስኳር፣ ምስጢር የሚካፈል አንድ ወዳጅ፦ እነዚህ ትንንሽ ነገሮች ናቸው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለውም ለእንዲህ ዓይነቱ ጉዞ ነው።